የዩኤስቢ ካሜራና ፓይተን፦ ባሮን በፎቶ ለመከታተል

ባሮ የጋምቤላ ከተማን አቋርጦ የሚያልፍ ወንዝ ነው። ክረምት ሲበረታ ከዳርቻው እየወጣ ቤትና ማሳ ያጥለቀልቃል፤ በ2014 ዓ.ም. ክረምት በከተማዋና በዙሪያዋ ወረዳዎች ያደረሰው ጉዳት የሚዘነጋ አይደለም። አንድ ላፕቶፕና አንድ ርካሽ የዩኤስቢ ካሜራ ያለው ሰው፣ በውኃው ዳር የተተከለ ቁጥር የተጻፈበት እንጨት በየአሥር ደቂቃው ፎቶ የሚያነሳ ፕሮግራም በፓይተን ቋንቋ መጻፍ ይችላል። ጽሑፉ ከሃያ መስመር አይበልጥም። ብዙዎች የሚሰናከሉት ፕሮግራሙ ካሜራውን እንዲያይ ማድረጉ ላይ ነው።

ለዚህ ሥራ የተለመደው መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1999 በኢንቴል ኩባንያ የተጀመረውና በነፃ የሚገኘው ኦፕንሲቪ ነው። በአንድ ትዕዛዝ ከኢንተርኔት ይጫናል። ኔትወርኩ የማያስተማምን ከሆነ ግን ኢንተርኔት ባለበት ቦታ የመጫኛ ፋይሉን፣ አብሮት ከሚያስፈልገው ነምፓይ ጋር፣ በፍላሽ ይዞ መሄድ ይሻላል። ፋይሎቹ ግን ለሚጫኑበት ኮምፒዩተር ሲስተምና ለፓይተኑ ዕትም የተዘጋጁ መሆን አለባቸው፤ ይህን ሳያጣሩ ጋምቤላ የደረሰ ሰው ፍላሹን ይዞ ይመለሳል።

ኦፕንሲቪ ካሜራን የሚጠራው በስም ሳይሆን በቁጥር ነው። ላፕቶፑ የራሱ ካሜራ ካለው አብዛኛውን ጊዜ 0 የእሱ ነው። ስለዚህ ከመማሪያ መጽሐፍ የተቀዳው ፕሮግራም ወንዙን ሳይሆን የባለቤቱን ፊት ያሳያል። በዊንዶውስ 1ን መሞከር ነው። በሊኑክስ ግን አዳዲሶቹ ዕትሞች ለአንድ ካሜራ ሁለት ቁጥር ስለሚሰጡ (ሁለተኛው ምስል አያወጣም) የውጭው ካሜራ 2 ሊሆን ይችላል። ከ0 እስከ 5 እየከፈተ አንድ ምስል ለማንበብ የሚሞክር አጭር ፕሮግራም መጻፍ ከግምት ያድናል። ቁጥሩ ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ ሲነሳ ሊለወጥ እንደሚችልም አይርሱ።

ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ካሜራው ካልተከፈተ፣ ሌላ ፕሮግራም ይዞት እንደሆነ ይመልከቱ። ዊንዶውስ በግላዊነት ማስተካከያው ከልክሎት ሊሆን ይችላል። ሊኑክስ ላይ ደግሞ ተጠቃሚው ቪዲዮ በሚባለው ቡድን ውስጥ መኖር ይኖርበታል። በዊንዶውስ ካሜራው ለመከፈት ብዙ ሰከንድ ከፈጀ፣ በዳይሬክትሾው በኩል እንዲከፍት ማዘዝ ብዙ ጊዜ ያፈጥነዋል።

ምስሉ ከመጣ በኋላም ወጥመድ አለ። ካሜራው ሲከፈት የመጀመሪያዎቹ ምስሎች ብርሃኑን እስኪያስተካክል ጨለማ ወይም ነጭ ይሆናሉ፤ አሥር ወይም ሃያውን ጥሎ ቀጣዩን መያዝ ያስፈልጋል። ከዚህ የሚብሰው ካሜራውን ክፍት ትቶ በየአሥር ደቂቃው ማንበብ ነው። ሲስተሙ ጥቂት ምስሎችን ወረፋ አስይዞ ስለሚያቆይ፣ ፕሮግራሙ አሁን አነበብኩ ሲል የሚያገኘው ከአሥር ደቂቃ በፊት የተነሳውን ሊሆን ይችላል። ወንዝ እየሞላ ባለበት ሰዓት ይህ ቀላል ስህተት አይደለም። በየጊዜው ከፍቶ፣ የመጀመሪያዎቹን ጥሎ፣ አንዱን አንስቶ መዝጋት ይሻላል።

ስለ ጥራትም ጥቂት እንበል። ዩኤስቢ 2.0 በሰከንድ 480 ሜጋ ቢት ያስተላልፋል ይባላል። ያልታመቀ 1280 በ720 ምስል በሰከንድ 30 ጊዜ ሲላክ 442 ሜጋ ቢት ያህል ስለሚፈጅ በተግባር አይበቃውም። ካሜራው በኤምጄፔግ አምቆ እንዲልክ ማዘዝ ወይም 640 በ480 ላይ መርጋት ነው። የውኃ ከፍታ ለማንበብ ትንሹም ብዙ ጊዜ ይበቃል። የገመዱ ርዝመት ግን ከ5 ሜትር በላይ እንዲሆን ደረጃው አይፈቅድም፤ ላፕቶፑን ከውኃው ለማራቅ የራሱ ማጉያ ያለው ማራዘሚያ ይፈልጋል።

በመጨረሻ ፎቶው የሚቀመጥበት ፎልደር ከሌለ ኦፕንሲቪ ስህተት ብሎ አይጮህም፤ ዝም ብሎ ሐሰት የሚል መልስ ይመልሳል። መልሱን የማይጠይቅ ፕሮግራም ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ አድሮ ጠዋት አንድም ፎቶ አይገኝም። በደህና ጊዜ በቀን 144 ፎቶ መቆጠር አለበት፤ መብራት ከጠፋበት ሰዓት በስተቀር።