የጋራ ጥላ ጠባቂዎች

ማንኛውም ከተማ ሁለት ዓይነት ቦታ አለው። አንደኛው በአጥር የተከለለ የግል ግቢ ነው፤ ሁለተኛው ሀብታሙም ድኻውም፥ ሽማግሌውም ሕፃኑም የሚያርፍበት የጋራ ቦታ ነው። የግሉን ግቢ ባለቤቱ ይጠብቀዋል። የጋራውንስ ማን ይጠብቀው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን መናፈሻ የሚለማውም የሚጠፋውም ለዚህ ጥያቄ በሚሰጠው መልስ ነው። ስለዚህ ያለ ደመወዝ፥ በገዛ ፈቃዳቸው የጋራ ጥላን ስለሚጠብቁ ሰዎች፥ በተለይም በእኛ በወለጋ፥ ታሪክ የሚነግረንን በአጭሩ ለመጻፍ አስባለሁ።

መናፈሻ የሚለው ስም አዲስ ቢመስልም ነገሩ ለወለጋ ሰው እንግዳ አይደለም። አባቶቻችን ሸንጎ የሚቀመጡት፥ የተጣላ የሚያስታርቁትና ሕግ የሚደነግጉት ኦዳ በሚባለው ትልቅ የሾላ ዛፍ ጥላ ሥር ነበር። በሆሮ ጉድሩ የሚገኘው ኦዳ ቡሉቅ ከታወቁት የገዳ መሰብሰቢያዎች አንዱ ነው። የገዳ ሥርዓት በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ በማይዳሰስ ቅርስነት ሲጻፍ፥ ያ ጥላ ከዓለም ፊት ቀረበ ማለት ነው። ኦዳን መቁረጥ ነውር ነው። ዛፉ አጥርና ዘበኛ ሳይኖረው የኖረው፥ ሰው ሁሉ የኔ ነው ብሎ ስላከበረው ነው።

በጋራ መሥራትም እንዲሁ የቆየ ልማድ ነው። አንድ ገበሬ እርሻው ወይም አጨዳው ሲበዛበት ጎረቤቶቹን ለደቦ ይጠራል፤ እርሱ ምግቡንና መጠጡን ያዘጋጃል፥ እነርሱም ያለ ገንዘብ ሥራውን ይጨርሱለታል። ጅጊም ከዚሁ ወገን ነው። ወንፈል ደግሞ ተራ በተራ መረዳዳት ነው፤ ዛሬ ለኔ፥ ነገ ላንተ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ለዚህ ነው። ሆኖም አንድ ልዩነት መታወቅ አለበት። ደቦ ጠሪ አለው፤ የእርሻው ባለቤት ይጠራል፥ የመጣውንና የቀረውንም ያውቃል። መናፈሻ ግን የሁሉ በመሆኑ ጠሪ የለውም። የበጎ ፈቃድ ሥራ ከደቦ የሚከብደው በዚህ ነው፤ ሰው ሳይጠራ መምጣትን መልመድ አለበትና።

በአገራችን ታሪክ ዛፍ በመትከል የሚነሱ ነገሥታት አሉ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው በመናገሻ ተራራ ላይ እንዳስተከሉ ይነገራል፤ የመናገሻ ሱባ ደን ዛሬም ድረስ አለ። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ደግሞ፥ በ1880ዎቹ መጨረሻ፥ ባሕር ዛፍ ወደ አዲስ አበባ ገባ፥ ከዚያም ወደ ሌሎች ከተሞች፥ ወደ ነቀምቴም ተዛመተ። የተዛመተበት ምክንያት ቶሎ ስለሚያድግ ብቻ አይደለም፤ ተካዩ ራሱ ቈርጦ ስለሚሸጠውና ስለሚያነደው ነው። ባለቤት ያለው ዛፍ ጠባቂ አያጣም። ለጥላና ለውበት የሚተከሉት ዋንዛና ጥድ ግን፥ ከጋራ ቦታ ላይ ሲቆሙ፥ የሚጠብቃቸው ፍቅር ብቻ ነው።

ወደ ከተማችን ስንመለስ፥ ነቀምቴ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፥ የለቃ ገዢዎች መቀመጫ የነበረች ከተማ ናት። የደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ፥ በክርስትና ስማቸው የገብረ እግዚአብሔር፥ ግቢ ዛሬ ቅርስ ሆኖ ይጎበኛል። ድሮ በሎሌ ብዛት ይጠረግና ይታጠር የነበረ ግቢ ዛሬ የሕዝብ ሆኗልና፥ ንጽሕናውም ውበቱም የሕዝብ ዕዳ ነው። በዚችው ከተማ ኦኔሲሞስ ነሲብ በ1896 ዓ.ም. ከአስቴር ጋኖ ጋር ደርሰው ማስተማር ጀመሩ። ብዙ ተቃውሞ ገጠማቸው፤ ቢሆንም ሥራቸውን ሳይተዉ በ1923 ዓ.ም. በነቀምቴ አረፉ። እርሳቸው የተከሉት ዛፍ ሳይሆን ፊደል ነው፤ ግን 27 ዓመት ሙሉ አጠገቡ ቆመው ጠበቁት። ተክሎ የሚሄድና ተክሎ የሚጠብቅ ሰው የሚለዩት እንደዚህ ነው።

ሳይጠበቅ የቀረ ተክል ምን እንደሚሆንም ታሪክ አሳይቶናል። በደርግ ዘመን በብዙ አውራጃዎች ተራሮች በዘመቻና ለሥራ በሚሰጥ እህል ደን ለብሰው ነበር። መንግሥቱ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ ግን ከእነዚህ ደኖች ብዙዎቹ በመጥረቢያ አለቁ። የቈረጣቸው ጠላት አልነበረም፤ ብዙ ጊዜ ራሱ የተከለው ሰው ነው። በትእዛዝ ስለተከለው ዛፉን የመንግሥት ነው ብሎ ቆጠረው፤ መንግሥቱ ሲሄድ ዛፉም ባለቤት አጣ።

በእኛ ዘመን በ2011 ዓ.ም. የአረንጓዴ አሻራ ሥራ ተጀመረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን በመላ አገሪቱ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ በአንድ ቀን እንደ ተተከለ መንግሥት አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ ክረምት በመጣ ቁጥር ወጣቶች በበጎ ፈቃድ አገልግሎት ችግኝ ይተክላሉ፥ የአረጋውያንን ቤት ያድሳሉ፥ ደም ይለግሳሉ። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ችግኝ በተተከለበት ቀን ገና አልዳነም። ፕላስቲኩ ሳይወልቅለት ከተተከለ ሥሩ ይታፈናል። በመስከረም ካልታረመለት ሣር ይውጠዋል። ካልታጠረለት ፍየል ይበላዋል። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው በጋ ውሃ ካላገኘ ይደርቃል። መትከል የአንድ ቀን ደስታ ነው፤ መጠበቅ የዓመታት ትዕግሥት ነው። በኦሪት ዘፍጥረትም አዳም በገነት የታዘዘው እንዲያበጃት ብቻ ሳይሆን እንዲጠብቃትም ጭምር እንደ ሆነ እናነባለን።

የሌሎች አገሮች ታሪክም ይህንኑ ያጠናክራል። በኒውዮርክ በ1858 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ሴንትራል ፓርክ የተባለው ትልቅ መናፈሻ በ1970ዎቹ ሣሩ አልቆ፥ ቤቶቹ ተበላሽተው፥ ሰው የሚፈራው ቦታ ሆኖ ነበር። በ1980 የከተማው ሰዎች ማኅበር አቋቁመው፥ ገንዘብ እያዋጡና በእጃቸው እየሠሩ መለሱት። በጎረቤታችን በኬንያም በ1989 በናይሮቢው ኡሁሩ ፓርክ ላይ ባለ 60 ፎቅ ሕንፃ ሊሠራ ሲታሰብ፥ ዋንጋሪ ማታይ ደብዳቤ በመጻፍና በመቃወም ተከራከረች። ብዙ ተሰደበች፤ ሕንፃው ግን ቀረ፥ መናፈሻውም ለሕዝቡ ተረፈ። ይህች ሴት በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበለች። እንግዲህ መናፈሻ በመኮትኰቻም በብዕርም ይጠበቃል።

ውድ ጓደኞቼ ሆይ፥ ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይሆነናል? በክረምት፥ ችግኝ በሚተከልበት ጊዜ፥ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ተማሪው ወደ ነጆ፥ ወደ ጊምቢ፥ ወደ ደምቢ ዶሎ፥ ወደየአገሩ ይበተናል። ችግኙ ውሃ በሚጠማበት በበጋ ግን ሁላችንም እዚሁ ነን። ትምህርት ከመስከረም እስከ ሰኔ ነው፤ የችግኝም ጭንቅ ጊዜ በዚሁ መካከል ነው። ስለዚህ በከተማው ውስጥ ከተማሪ ይልቅ ለጠባቂነት የተመቸ ሰው የለም። እያንዳንዱ ክፍል ከመናፈሻው አንድ መደብ ቢረከብ፥ ሳምንት በሳምንት አንድ ሰዓት ቢሠራበት፥ የደረቀውን እየቈጠረ ቢተካ፥ ያ ቦታ ጠሪ ያለው ደቦ ይሆናል።

እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች በዚህ ዓመት እንሰናበታለን። ዛፍ ግን በአራት ዓመት ትምህርት አያድግም። ስለዚህ ስንወጣ ለተከታዮቻችን የምናወርሰው ደብተርና ወንበር ብቻ መሆን የለበትም፤ የውሃ ባልዲውንና ተራውንም ጭምር እናስረክብ። ዘጠነኛ ክፍሎች ሲረከቡን፥ የትምህርት ቤታችን ቀጣዩ በዓል በሚከበርበት ቀን እንግዶቹ የሚቀመጡበት ጥላ ከዛሬ ጀምሮ ማደግ ይጀምራል።