ዜና ሄርኩለስ ዘሮም፤ መብረቅ የመታው የነሐስ ጀግና

ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ55 ዓመት ፖምፔይ የተባለው የሮም የጦር አለቃ በከተማይቱ ታላቅ የድንጋይ ቲያትር አስመረቀ። ከዚያ በፊት ሮማውያን ተውኔት የሚያዩት በዓሉ ሲያልፍ በሚፈርስ የእንጨት መድረክ ነበር። ፖምፔይም በቲያትሩ አናት ላይ ቬኑስ ለምትባለው አምላክ መቅደስ ሠራላት፤ ከግቢውም ጋር ሹማምንት የሚመክሩበት አዳራሽ አያያዘ። ከ11 ዓመት በኋላ ዩልዮስ ቄሣር በጩቤ ተወግቶ የወደቀው በዚሁ አዳራሽ ነው።

ዘመንም ዘመንን ተካ። ከ1ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ እስከ 3ኛው መቶ ዓመት መባቻ ባለው ጊዜ አንድ ባለሙያ፣ በዚሁ ቲያትር ቆሞ ነበር ተብሎ የሚታሰበውን ሄርኩለስ ከነሐስ አፍስሶ በወርቅ ለበጠው። የጀግናው ቁመት 3 ሜትር ከ83 ሳንቲ ሜትር ነው። ግሪኮች ሄራክሌስ የሚሉት ይህ የዜውስ ልጅ፣ በንጉሥ ዩሪስቴዎስ ትእዛዝ 12 ከባድ ሥራዎችን እንደ ፈጸመ ይነገርለታል። ሠሪውም ገድሉን በአካሉ ላይ አሳየ፤ ቆመጡን አስያዘው፣ በኔሜያ የገደለውን አንበሳ ለምድ በክንዱ ላይ ጣለለት፣ ከሄስፔሪዶች የአትክልት ቦታ ያመጣውን የወርቅ ፖምም በእጁ አኖረለት።

ከዕለታት በአንዱ ሌሊት መብረቅ ወርዶ ይህን ሐውልት መታው። ሮማውያን የቀን መብረቅ የአምላካቸው የዩፒተር፣ የሌሊቱ ደግሞ የሌላው አምላክ የሱማኑስ ነው ብለው ያምኑ ነበር። መብረቅ የነካው ዕቃ፣ ያረፈበትም መሬት የአምላክ ገንዘብ ይሆናል፤ ሰው እንደ ልቡ ሊነካው አይገባም። ስለዚህ ሐውልቱን እንደ ስብርባሪ አልጣሉትም። ጉድጓድ ቆፍረው በክብር አጋደሙት፣ በድንጋይ ጠፍጣፋም ከደኑት። በድንጋዩ ላይ ኤፍ፣ ሲ፣ ኤስ የሚሉ ሦስት የላቲን ፊደላት ቀረጹ፤ የሱማኑስ መብረቅ እዚህ ተቀብሯል ማለታቸው ነው። በዘመኑ ለዚህ ሥርዓት በግ ይሠዉ ነበር።

ይህ ቀብር ምን እንዳተረፈ ለማወቅ ከመሬት በላይ የቀሩትን ወንድሞቹን ዕጣ ማየት ይገባል። ታላቁ የግሪክ ቀራጺ ሊሲጶስ ለታራንቶ ከተማ ግዙፍ የነሐስ ሄራክሌስ ሠርቶ ነበር፤ ጀግናው ያለ ቆመጥ ያለ ቀስት ተቀምጦ፣ ራሱን በግራ እጁ ደግፎ ይተክዛል። ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ209 ዓመት የሮሙ የጦር አለቃ ፋቢዮስ ማክሲሞስ ከተማይቱን ሲይዝ ሐውልቱን ማርኮ ወደ ሮም አመጣው። ኋላም ወደ ቁስጥንጥንያ ተጋዘና በፈረስ መጋለቢያው ሜዳ ቆመ። በ1204 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቆጣጠር የመስቀል ጦረኞች ከተማይቱን ዘርፈው ሐውልቱን ለነሐሱ ሲሉ አቀለጡት። የቁስጥንጥንያው ታሪክ ጸሐፊ ኒቄታስ ኮንያቴስ ስለዚህ ጥፋት በምሬት ጽፏል፤ የሐውልቱን አውራ ጣት የሚዞር ገመድ ለአንድ ሰው መታጠቂያ ይበቃ ነበር፣ ቅልጥሙም የሰው ቁመት ያህል ነበር ይላል። ዛሬ የዚያ ድንቅ ሥራ ቁራጭ እንኳ የለም። ከኪሳራ ሁሉ የሚያንገበግበው ይህ ነው።

በሮምም ነሐስ ሰላም አላገኘም። በ663 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቆጣጠር የቁስጥንጥንያው ንጉሠ ነገሥት ኮንስታንስ 2ኛ ከተማይቱን ለመጎብኘት መጥቶ ፓንቴዎን የተባለውን ሕንጻ የጣሪያ ነሐስ ሳይቀር ገፍፎ ሄደ። በ17ኛው መቶ ዓመት ደግሞ የሮሙ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኡርባኖስ 8ኛ የዚሁ ሕንጻ ደጀ ሰላም የነሐስ ወራጆች ተነቅለው መድፍ እንዲሆኑ አደረጉ። መብረቅ የመታው ሄርኩለስ ግን ከዚህ ሁሉ እጅ በታች፣ ከአፈር ውስጥ ተኝቶ ነበር።

በ1864 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ካምፖ ዴ ፊዮሪ ከሚባለው አደባባይ አጠገብ፣ የባለ ባንኩ የፒዬትሮ ሪጌቲ ቤት መሠረት ሲቆፈር ሠራተኞች ከድንጋዩ ክዳን ደረሱ። ከሥሩ ወርቃማው ጀግና ወጣ። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 9ኛ ሐውልቱን ለቫቲካን ሰበሰቡት፤ በእሳቸው የቤተሰብ ስምና በባለ ቤቱ ስምም ሄርኩለስ ማስታይ ሪጌቲ ተባለ። ቀራጺው ፒዬትሮ ቴኔራኒ የጎደለውን አካል እንዲሞላ ታዘዘ። ከዚያም ሐውልቱ በቫቲካን ሙዚየም ክብ አዳራሽ፣ በግድግዳው ጎድጓዳ ስፍራ ውስጥ ቆመ።

በዚያም ከ150 ዓመት በላይ ሲኖር የቀደሙት ጠጋኞች የቀቡት ሰም መልኩን አጠቆረው፤ ጎብኚም ወርቅ መሆኑን ሳያስተውል ያልፍ ነበር። በ2023 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቆጣጠር የሙዚየሙ ባለሙያዎች ያንን ሰም እያነሡ ነበር። በማጅራቱና በሌላም ስፍራ የተለጠፈውን የጄሶ ጥጋኝ እያወጡ ሙጫ ከሚመስል ነገር በተሠራ አዲስ ክፍል ይተኩ ነበር። ሰሙ በተነሣበት ሁሉ የጥንቱ ልብጥ በደንብ ተጠብቆ ተገኘ።