ጋቢና ውስጥ የሸተተው ቀለም

ስሙኝማ። ከሰበታ ተነስታ፣ ቡራዩን ረግጣ፣ ሱሉልታ ስለከተመች አንዲት ሚኒባስ ልተርክላችሁ። የባለቤቶቹን ስም አትጠይቁኝ፤ ወሬው የአንድ ሰው አይደለም፣ ከየጋራዡ የተለቃቀመ ነው።

መኪናዋ ሃያስ ናት፤ ያቺ ባለ ፋይቭ ኤል የናፍታ ሞተር። ሃያስ ላይ ሞተሩ ያለው ከጋቢናው ወንበር ሥር መሆኑን ታውቃላችሁ። ጋቢና ተሳፍሮ መቀመጫው ከታች ያልለበለበው ሰው ካለ እሱ ታክሲ አያውቅም።

ሻጩ የሰበታ ሰው ነው። ጊዜው ለሻጭ ተመችቷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ታክሱን እስከ 500 በመቶ ሰቀለው፤ በጥር 2016 ደግሞ መንግሥት የኤሌክትሪክ ካልሆነ አውቶሞቢል አይገባም አለ። በዚህም አገር ውስጥ ያለ አሮጌ ብረት ሁሉ ክብሩ ጨመረ። ታዲያላችሁ ሻጩ ሞተሩን በግፊት ውኃ አሳጠበና፣ ለግቢው በር ገዝቶት የተረፈውን ብርማ ቀለም አውጥቶ የቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ክዳኑንም፣ ብሎኩንም፣ ጭስ የሚወጣበትን ማኒፎልድ ሳይቀር በብሩሽ ለቀለቀው። እውነቱን ለመናገር ያምር ነበር። የሱሉልታው ገዢ ወንበሩ ተነስቶ ሲያይ ዓይኑ ፈዘዘ። ደላላው "ሞተሯ አልተነካም" አለ። ደላላ ሌላ ምን ይላል?

ገዢው በማግስቱ አዲሱ ገበያ ላይ ሰው ሞልቶ የእንጦጦን ዳገት ተያያዘው። እንግዲህ ሞልቶ ዳገት የሚወጣ የናፍታ ሞተር የሚተፋው ጭስ እስከ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያም በላይ ይሞቃል። የበር ቀለም ከ150 እስከ 200 ሲደርስ ይጠቁራል፤ ከዚያ ይቃጠላል። ጋቢና የተቀመጡ እናት "ልጄ፣ የሚቃጠል ነገር ይሸተኛል" አሉ። "የፊተኛው አይሱዙ ነው እናቴ፣ አይዞዎት" አላቸው። ብዙም ሳይቆይ ጭሱ በእግራቸው መሃል ብቅ አለ። "ወራጅ አለ!" ከኋላ፣ "ወራጅ አለ!" ከመሃል፤ ፌርማታ በሌለበት ዳገት መኪናዋ ባዶዋን ቀረች።

ወንበሩን ሲያነሳ ማኒፎልዱ ላይ ያለው ቀለም አረፋ ሠርቶ ተቀርፏል። ከላይ ደግሞ ከቴስታታ ክዳኑ ጠርዝ ዘይት ቀጭን ጥቁር መንገድ አበጅቶ እዚያው ትኩስ ብረት ላይ ይንጠባጠባል። የክዳኑ ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ አልቆለታል። ብርማው ቀለም የተደፋው ለዚህ ኖሯል። እኔ መኪና ብገዛ ትናንት ከተቀባ ሞተር ይልቅ አቧራ የለበሰውን እመርጣለሁ፤ አቧራ ዘይት ከየት እንደሚያፈስ አይደብቅም።

ሰውየው ቡራዩ፣ አሸዋ ሜዳ አካባቢ፣ አንድ አንጋፋ ቀቢ ዘንድ ሄደ።

"ጋሼ፣ ይሄን ደህና አድርገው ይቀቡልኝ።"

"ቀለም ዘይት ያቆማል ያለህ ማነው? ጓርኒሲዮኑን አስቀይረህ ና።"

አስቀይሮ መጣ። ቀቢው ማኒፎልዱን አስፈቱ። ቡሎኖቹ በዝገት ተጣብቀው ስለነበር ዘይት ጠጥተው አደሩ፤ በጉልበት ቢታገሏቸው ቴስታታው ውስጥ ተሰብረው ይቀራሉ። ከዚያ ሥራው ሁሉ ማጽዳት ሆነ። በሽቦ ብሩሽ ዝገቱ ረገፈ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፈገፈገ፣ በናፍታ ታጠበ፣ በሙቅ ውኃና በኦሞ ተደገመ። መጨረሻ ላይ ቀቢው ነጭ ጨርቅ በቲነር እያራሱ ጠረጉት፤ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪመለስ ድረስ። ገዢው ሊያግዝ እጁን ሲሰድ "አትንካው!" ተባለ። የጣት ቅባት ያረፈበት ቦታ ላይ ቀለም አይዝም። ስቱኮም የለም፣ ያ ቀዩ የዝገት መከላከያም የለም፤ ሁለቱም እዚያ እሳት ላይ አይቆዩም። ጓርኒሲዮን የሚያርፍበት ፊት በወረቀት ፕላስተር ተሸፈነ።

ቀለሙ ራሱ ሌላ ዘር ነው። ሲሊኮን ሙጫ ውስጥ የላመ አልሙኒየም ተበትኖበታል፤ ቆርቆሮው ላይ 600 ዲግሪ እንደሚችል ተጽፏል። ቀቢው እንደ ጉም ስስ አድርገው ረጩ፣ ጠበቁ፣ ደግሞ ረጩ። ወፍራም ከሆነ ይሰነጠቃል። ገዢው ደርቋል ብሎ በጥፍሩ ጫር ቢያደርገው ቀለሙ ተነሳ፤ ቀቢው ተቆጡት። ይህ ቀለም በፀሐይ አይበስልም። እንደ አዲስ ምጣድ ይሟሻል፦ ማኒፎልዱ ተመልሶ ይታሰርና ሞተሩ ለጥቂት ደቂቃ ይነሳል፣ ይጠፋል፣ ይቀዘቅዛል፤ ቀጥሎ ረዘም ላለ ጊዜ ይነሳል፣ እንደገና ይቀዘቅዛል። በመጀመሪያው ዙር መጨሱ አያስደነግጥም፤ ሊቃጠል የሚገባው እየተቃጠለ ነው። የሚቀረው ከብረቱ ጋር ይያያዛል። የጃጓር ፋብሪካ በደጉ ጊዜ ይህን ሁሉ ጣጣ በሌላ መንገድ ተገላገለው፤ ማኒፎልዶቹን ብርጭቆ በሚመስል ኢናሜል አልብሶ በምድጃ ይጠብሳቸው ነበር። እኛ ዘንድ ምድጃው ሞተሩ ራሱ ነው።

"ክረምት ላይ ቤቴ ብሞክረውስ?" አለ ገዢው። ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት፤ የነሐሴ ጠዋቷን የሚያውቅ ያውቀዋል። "እርጥበት ካገኘው ይነጣብሃል፤ በጋ ጠብቅ፣ እሱንም እኩለ ቀን ላይ" አሉት።

ብሎኩን ሲቀቡ የሞተር ቁጥሩን በፕላስተር ከልለው አለፉት። ለቦሎ ሲቀርብ ያ ቁጥር ከሊብሬው ጋር ይመሳከራል፤ ቀለም ከሸፈነው መርማሪው ስርቆት ነው ብሎ ሊጠረጥር ይችላል።

የቴስታታ ክዳኑ ቀረ። እሱ ከመቶ ዲግሪ ብዙም ስለማያልፍ ቀለም ማማረጥ ይቻላል። ገዢው ቀይ አለ። ፌራሪም በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለውድድር ባወጣት ቴስታ ሮሳ ላይ ክዳኑን ቀይ ቀብቶ ነበር፤ «ቀይ ራስ» የሚለው ስሟም ከዚያ የመጣ ነው። ቀቢው ግን ሳቁ፦

"ተሳፋሪ ተቀምጦበት ለሚሄድ ነገር? ማን ሊያይልህ?"

"ዘይት በለካሁ ቁጥር እኔ አየዋለሁ፣ ጋሼ።"

ቀይ ተቀባ። የቀለሙን ዋጋ ግን ለብቻ አስከፈሉት።