የፍራሽ ተራ፦ ከቪየና እስከ ባልባላ

ረዘም ይላልና ሻይ ይዛችሁ አንብቡት። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሰሞኑን ክፍላችን ውስጥ ክርክር አለ። አንዱ ልጅ በስልኩ «ለኑሮ የሚመቹ ከተሞች» የሚል ዝርዝር አግኝቶ ቪየና ነው ኮፐንሃገን የሚሻለው እያለ ሲያሟግተን ያመሻል። ክፍሉ ባልባላ ነው። ስድስት ሆነን ተከራይተነዋል። ወደብ ሌሊት የሚሠሩት ሲገቡ ቀን የምንሠራው ተነስተን ፍራሹን እንለቅላቸዋለን። ልጁ ወደ ኦቦክ ለመውረድ እያሰበ ስለሆነ ነገሩን እንደ ቀልድ ማለፍ አልቻልኩም።

መጀመሪያ ዝርዝሩ ለማን እንደተሠራ እንይ። መርሰር የሚባለው አማካሪ ድርጅት እስከ 2019 ድረስ ቪየናን 10 ዓመት በተከታታይ አንደኛ አድርጓታል። ጥናቱ የሚያገለግለው ትልልቅ ኩባንያዎች ሠራተኛ ወደ ውጭ ሲልኩ ምን ያህል አበል ይጨምሩለት የሚለውን ለመወሰን ነው። የሚለካው ደመወዙ የተቆረጠለት፣ አውሮፕላን ማረፊያ መኪና የሚጠብቀው ሰው ኑሮ ነው። እኛ እዚያ ውስጥ የለንም።

የቪየና ታሪክ ግን ይመለከተናል። በ1910 ከተማዋ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበራት፤ ከቦሄሚያና ከሞራቪያ ሥራ ፍለጋ የመጣው ድሃም ብዙ ነበር። ቤት መከራየት ያቃተው አልጋ ብቻ በሰዓት ይከራይ ነበር፤ አንዱ ፋብሪካ ሲሄድ ሌላው ገና ባልቀዘቀዘው አንሶላ ላይ ይተኛል። ስም እንኳ ነበራቸው፣ «ቤትጌየር» ይሏቸዋል። የሳንባ ነቀርሳ ከመብዛቱ የተነሳ «የቪየና በሽታ» ተብሎ ነበር። እንግዲህ የኛን ክፍል አስቡት!

በ1919 ሶሻል ዴሞክራቶች የከተማውን ምርጫ አሸነፉ። በ1923 ትልቅ ቤት ባለው ላይ ከበድ የሚል የቤት ግብር ጣሉ፤ በገንዘቡም እስከ 1934 ድረስ ከ60,000 በላይ መኖሪያ ሠሩ። ካርል ማርክስ ሆፍ የሚባለው፣ በ1930 የተመረቀው፣ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ልብስ ማጠቢያ፣ መታጠቢያ ቤት፣ መዋዕለ ሕፃናት፣ ቤተ መጻሕፍት አለው። በፌብሩዋሪ 1934 ጦሩ በመድፍ ደበደበው። ዛሬም ከተማው ወደ 220,000 ቤት ያከራያል። አንደኝነቱ የመጣው ከዚህ ነው፤ ለኔ ከወንዙና ከሙዚቃው በፊት ይህ ይቀድማል።

የኛዋን ጅቡቲ ደግሞ እንይ። ፈረንሳዮች በ1888 ሲቆረቁሯት ነፋስ የሚነካውን ከፍታ ለራሳቸው ያዙ፣ ለሠራተኛው ዝቅተኛው ቀረ። ፕላቶ እያልን የምንጠራው ስም ከዚያ የመጣ ነው። በ1897 የተጀመረው ሐዲድ በ1917 አዲስ አበባ ገባ፤ የኛ ሰው በባቡሩ ወረደ። በ1966 ደጎል ሲመጡ የነጻነት ሰልፍ ተነሳ፤ ከዚያ በኋላ ከተማዋ በሽቦ አጥር ታጠረች። መግባት የተከለከለው ከአጥሩ ውጭ ሰፈረ። ባልባላ እንዲህ ነው የተወለደው። ነጻነት በ1977 መጣ፤ ባልባላ ግን እዚያው ነው። ዛሬ የምንጠቀመው መብራት ከ2011 ጀምሮ፣ ውሃው ደግሞ ከ2017 ጀምሮ በከፊል ከሀገራችን ይመጣል። ከኛ ቀድመው በሕጋዊ መንገድ ገቡ ማለት ነው።

በ2017 የወጣው የስደተኛ ሕግ ሥራ፣ ትምህርትና ሕክምና ፈቅዶልናል። እኔ ለልጄ ምዝገባ ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ፤ የት እንደሆነ ይቅር። በአራተኛው ግን የሕጉን ቅጂ ይዤ ሄጄ ተመዘገበችልኝ። ቅጂውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

ልጁን ያልኩት ይህን ነው። ቪየና ውስጥ የከተማውን ቤት ለማግኘት ቢያንስ ሁለት ዓመት ተመዝግቦ መኖር ያስፈልጋል፤ እስከዚያ የግል ኪራይ ነው። የባሕሩን ደግሞ ያውቀዋል። በኤፕሪል 2024 ጎዶሪያ አጠገብ ሁለት ጀልባዎች በሁለት ሳምንት ልዩነት ሲሰምጡ የተጫኑት ወገኖቻችን ከየመን እየተመለሱ ነበር፤ መሄዱን ሞክረውት።

ዝም አለኝ። ስልኩን ግን አልዘጋም።

ቪየና ያላችሁ ዘመዶች፣ መጀመሪያ የገባችሁበትን ክፍል፣ ኪራዩንና ስንት ሆናችሁ እንደተኛችሁ እዚህ ሥር ጻፉለት። ከኔ ይልቅ እናንተን ይሰማል።