ጥይት የተተኮሰበት ግጥም

የፋሺስት ጣሊያን ጦር በአዲስ አበባ የየካቲት 12ቱን እልቂት ከፈጸመ ወር ያህል ቢሆነው ነው። መጋቢት 1929 ዓ.ም. የጣሊያኑ ገዥ ግራዚያኒ ሌላ ትእዛዝ አወጣ፤ አዝማሪዎች፣ ጠንቋዮችና ትንቢት ተናጋሪዎች እየታደኑ ይረሸኑ ተባለ። ከመሰንቆ በቀር በእጃቸው ምንም ያልነበረ ሰዎች በጥይት ወደቁ። የፋሺስት ሹማምንት በየገበያውና በየጠላ ቤቱ የሚዞረው ግጥም አገዛዛቸውን እንደሚሸረሽር ጠንቅቀው አውቀው ነበር።

አገዛዙ የቆመው በዘር ንቀት ላይ ነው። በዚያው ዓመት ሚያዝያ የወጣው ሕግ ከሀገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረ ጣሊያናዊ እስከ 5 ዓመት እንዲታሰር ደነገገ። ያገሬው ሰው ይህን ውርደት የሚከራከርበት ችሎት አልነበረውም፤ መልሱን በፉከራና በቀረርቶ ሰጠ። ፎካሪው የአባቱንና የፈረሱን ስም ጠርቶ ማንነቱን ሲያውጅ፣ የበታች ነህ ያለውን አዋጅ በሕዝብ ፊት ይሽረው ነበር።

የቅኔው ሀገር ጎጃም ከዚህ ተጋድሎ አልራቀም። የደብረ ኤልያሱ ባለቅኔ ዮፍታሔ ንጉሤ ለስደት ወደ ሱዳን ሄደ፤ በዳንግላ ዙሪያ ደግሞ የደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ አርበኞች ጠላትን እረፍት ነሱት። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበርም የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም.፣ ጣሊያን ገና ከሀገር ሳይወጣ ነው። በየካቲት 1933 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ዳንግላንና እንጅባራን ለቅቆ ወጣ። ከባሕር ማዶም ጥቁር አሜሪካዊው ባለቅኔ ላንግስተን ሂዩዝ በ1935 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ ግጥም ጽፎ የእኛን ጥቃት የወገኖቹ ጥቃት አድርጎት ነበር።

የውጭውን ንቀት ያሸነፈች ሀገር ግን የቤቷን ንቀት ይዛ ቀረች። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅ እንዳይሰደብ ቢያውጁም አንጥረኛው፣ ሸማኔውና ሸክላ ሠሪዋ መሰደባቸው አልቀረም። ከአገው ምድር በስተምዕራብ የሚኖሩ የጉሙዝ ሰዎችም እየተፈነገሉ ለባርነት ሲሸጡ ኖረዋል፤ የባሪያ ንግድ በ1916 ዓ.ም. በአዋጅ ቢከለከልም የንቀቱ ስም በአፍ ላይ ቆየ።

ይህን ቁስል በድፍረት የነኩት ባለቅኔዎች ናቸው። ታምሩ ፈይሳ በ1953 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ «ደሃው ይናገራል» ሲል፣ በባላባት ፊት ቃል ያልነበረው ጭሰኛ አንደበት አገኘ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ኢብሳ ጉተማ «ኢትዮጵያዊው ማነው?» ብሎ ጠየቀ፤ የብሔር እኩልነት ጉዳይ በግጥም አደባባይ ወጣ። ጽሑፍን የሚመረምር መንግሥት ባለበት ዘመን፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው የሰማውን ግጥም መልሶ መሰብሰብ አይቻልም ነበር።

የእኩልነት ጥያቄው ዛሬም ከአገው ምድር፣ ከአዊ ደጃፍ አልራቀም። በ2011 ዓ.ም. በመተከልና በጃዊ የፈሰሰው የጎረቤታሞች ደም፣ ሰውን በዘሩ መናቅ የት እንደሚያደርስ አሳይቷል። ጥር 23 በእንጅባራ ፈረሰኞች ሲሰለፉ በአዊኛም በአማርኛም የጀግንነት ግጥም ይሰማል። ያ ግጥም የአያቶችን ድል ያወሳል፤ ተገቢም ነው። ሆኖም አርበኛው የሞተው ሰው በዘሩ እንዳይዋረድ ከሆነ፣ አንጥረኛውንና የጉሙዝ ጎረቤቱን ባለ ክብር አድርጎ የሚጠራ ግጥም ከፉከራው እኩል መድረክ ይገባዋል። የዛሬ ገጣሚዎቻችን ይህን ይግጠሙ፤ የፈረሰኞቹ ማኅበርና ትምህርት ቤቶችም መድረኩን ይስጧቸው።