የምግብ ቤት ግድግዳና የመንገደኛ ታሪክ፤ በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች

ያገራችን ከተሞች ታሪክ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ቤተ መንግሥቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ገበያውና የባቡር ጣቢያው ነው። መንገደኛ ደክሞት ገብቶ የበላበትና የጠጣበት ቤት ግን ከታሪክ ቍጥር አይገባም። ምግብ ቤት ሁልጊዜ የሚታደስ በመሆኑ ነው፤ ወንበሩ ይለወጣል፣ ግድግዳው ይቀባል፣ ትናንት የነበረው ዛሬ አይገኝም። እኛ ግን በዚህ አጭር ጥናት ነገሩን ገልብጠን ለማየት አስበናል። ምግብ ቤት የውስጥ መልኩን የሚለውጥ ከሆነ፣ የለወጠበትን ጊዜና ምክንያት በመጠየቅ የከተማውን ታሪክ ለማወቅ ይቻላል። ለዚሁም ቀድሞ ናዝሬት ትባል የነበረችውን አዳማንና በዙሪያዋ ያሉትን የስምጥ ሸለቆ ከተሞች መርጠናል።

ባለ ምግብ ቤት ያረጀውን ቤት ስለ ምን ያድሳል ቢባል «ጊዜው የሚፈልገው ስለ ተለወጠ ነው» የሚል መልስ ይሰጣል። ይህ መልስ ሐሰት ባይሆንም ምንም አያስረዳም። እኛ እንደ ተመለከትነው፣ የቤት ውስጥ መልክ የሚለወጠው በሁለት ምክንያት ነው፤ አንደኛው የሚገባው እንግዳ ሲለወጥ፣ ሁለተኛው ቤቱ የማን እንደ ሆነ ሲለወጥ ነው።

የባቡሩ ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ ከዚያም ብዙ ዓመት ቈይቶ በአዋሽና በአዳማ በኩል አልፎ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። በእንፋሎት ዘመን ባቡሩ ሌሊት አይጓዝም ነበርና ከጅቡቲ አዲስ አበባ ለመድረስ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ መንገደኛውም በድሬዳዋና በአዋሽ ያድር ነበር። በየጣቢያው አጠገብ የተሠራው «ቡፌ» የተባለው ቤት የተወለደው ከዚህ ነው። ዛሬ በአፋር ክልል በሚገኘው በአዋሽ ሰባት ኪሎ ያለው ቡፌ የዚህ ዓይነት ነው። ግንቡ ወፍራም፣ በረንዳው ጥላ ያለው ሆኖ የተሠራው ለጌጥ ሳይሆን ለቈላው ሙቀት ነው። በዚያው ዘመን ከጣቢያው ፈንጠር ብሎ የጭቃው ጠጅ ቤት ነበር፤ እንግዳው በአግዳሚ ተቀምጦ በብርሌ ይጠጣል፣ ወለሉ ቄጤማ ይጐዘጐዝበታል፣ ጣራው ሥር አቡጀዲ ይወጠርበታል። ሁለቱ ቤቶች ጐን ለጐን ሲኖሩ አንዱ ከሌላው ብዙ አልተማረም።

ሊቶሪናው ከዚያም የናፍጣው ባቡር በመጡ ጊዜ በመንገድ ማደር ቀረ። ግድ ሆኖበት የሚያድር እንግዳ ያጣ ቤት ወይ በራሱ ውበት እንግዳ መጥራት አለበት፣ ወይም እንደ ነበረ ማርጀት አለበት። የአዋሹ እንደ ነበረ ቈየ። ዛሬ ጐብኝዎች ፎቶግራፍ የሚያነሡት ያንኑ አለመታደሱን ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቃላት ጥቂት ልንናገር እንወዳለን። የምግብ ቤትን ውስጥ ክፍል ለመግለጽ ባለሙያው የሚጠቀምባቸውን ቃላት ብንሰበስብ እንደ ድንጋይ ንጣፍ ተደራርበው እናገኛቸዋለን። ምሶብ፣ አግዳሚና ቄጤማ የራሳችን ናቸው። ቡፌና ለገሃር ከፈረንሳይኛ የመጡ፣ የባቡሩ ውርስ ናቸው። ባንኮኒ፣ ሊሾ፣ ግራኒሊያ፣ ዞኮሎ የሚሉት ግን ጣልያንኛ ናቸው፤ ግንበኛውም ባለ ቡና ቤቱም ዛሬ እንደ አማርኛ ይናገራቸዋል። ከዚህ በላይ ፎርማይካ ይመጣል፤ በመጨረሻም ጅፕሰምና ኤልኢዲ። «ሆቴል» የሚለውም ቃል ባገራችን የራሱን መንገድ ሄዷል፤ አንድ አልጋ እንኳ የሌለውን ምግብ ቤት ሆቴል ብሎ መጥራት ማንንም አያስገርምም። ስለ ከተሞች ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ይህን የመሰለውን ማስረጃ ቢያዩት መልካም ነበር እንላለን፤ ወረቀት ሲጠፋ ቃል አይጠፋምና።

አዳማ ከጣቢያነት ወደ ከተማነት የዘለለችው ከጠላት ወረራ በኋላ ነው። በ1946 ዓ.ም. የሆላንድ ኩባንያ የወንጂን ስኳር ፋብሪካ ሥራ አስጀመረ፤ በ1952 ዓ.ም. ጣልያን በከፈለው የጦር ካሣ የተሠራው የቆቃ ግድብ ተመርቆ 43 ሜጋ ዋት ያህል ኃይል መስጠት ጀመረ። ደመወዝተኛው፣ ነጂውና መካኒኩ፣ ቅዳሜና እሑድ ወደ ሶደሬ ፍል ውሃ የሚወርደው ያዲስ አበባ ሰው፣ ሁሉም በአዳማ ያልፋል። ደግሞም በደቡቡ መንገድ አቶ በቀለ ሞላ በዝዋይ፣ በላንጋኖና በሻሸመኔ ሆቴሎችን እያከታተሉ ከፈቱ፤ እንግዲህ ባገሬው ሰው ገንዘብና አሳብ የተሠራ፣ ለመኪና መንገደኛ የታሰበ ሆቴል መጣ ማለት ነው። የዚያን ዘመን ቤት ምልክቱ የታወቀ ነው፤ ግራኒሊያ ወለል፣ ረዥም ባንኮኒ፣ በላዩ የቡና ማሽን፣ ፎርማይካ የለበሰ ጠረጴዛ፣ ፍሎረሰንት መብራት፣ በበሩ ላይ ዝንብ የሚከለክል የዶቃ መጋረጃ። ፎርማይካ በአሜሪካን አገር በፈረንጆች አቈጣጠር በ1912 ሲፈለሰፍ ለኤሌክትሪክ መከለያ ነበር፤ ወጥ ሲፈስበት በእርጥብ ጨርቅ መጠረግ መቻሉ ግን ለእኛ ምግብ ቤት ከምንም በላይ ሆነ።

ስለ ግድግዳው ቀለም የተለየ ነገር አለ። በአሮጌዎቹ ቤቶች ግድግዳው ከታች እስከ ሰው ትከሻ ድረስ በዘይት ቀለም፣ ከዚያ በላይ በኖራ ወይም በውሃ ቀለም ይቀባል። ዛሬ ይህን የሚያይ ወጣት እንደ ሆስፒታል ነው ብሎ ይስቃል። ነገር ግን አዳማ የነፋስና የአቧራ አገር ነው፤ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለበትም ያለ ነገር አይደለም። የዘይት ቀለም ይታጠባል። አላዋቂ የመረጠው መልክ ይመስላል እንጂ ላገሩ አየር ተጠንቶ የተገኘ መፍትሔ ነው። አሁን በፋሽን የሚለጠፈው ባለ ሸካራ ግድግዳ አቧራውን ይዞ እንደሚቀር የጽዳት ሠራተኞቹ ያውቁታል።

በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት እንዲሆን ያወጀው አዋጅ ቍጥር 47 የምግብ ቤትን ውስጥ እንደ ለወጠ ብዙዎች አያስቡም። ለውጡ መለወጥን ማቆሙ ነበር። ትርፍ ቤቱ ወደ ቀበሌ ወይም ወደ ኪራይ ቤቶች ሲዛወር፣ በውስጡ የሚሠራው ሰው ተከራይ ሆነ። ኪራዩ ዝቅተኛ ነው፤ ሆኖም ተከራዩ ግድግዳ አያፈርስም፣ ወለል አይነቅልም፤ የራሱ ባልሆነ ቤት ገንዘቡን አይቀብርም። ከውጭ የሚመጣ ዕቃም ጠፋ፣ ሰዓት እላፊውም ማታ የሚመጣውን እንግዳ ቈረጠው። ስለዚህ ባለ ቤቱ የቻለው አንድ ነገር ነበር፤ በአሮጌው ቀለም ላይ አዲስ ቀለም መደረብ። በብዙ ቤቶች ቀለሙ ተላጦ በሚታይበት ቦታ ሦስትና አራት ድርብ የሚገኘው ከዚህ የተነሣ ይመስለናል። የ1950ዎቹ ግራኒሊያና ባንኮኒ እስከ እኛ ዘመን የደረሱት የሚጠብቃቸው ስለ ተገኘ ሳይሆን የሚነቅላቸው ስለ ታጣ ነው። ይህን ስንናገር ያን ዘመን ለማመስገን አይደለም፤ ችጋርም አንዳንድ ጊዜ ቅርስ ጠባቂ ሊሆን እንደሚችል ለማመልከት ነው።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ንግዱ ተከፈተ። አዳማ በ1992 ዓ.ም. የኦሮሚያ ዋና ከተማ ሆና እስከ 1997 ዓ.ም. ቈየች፤ የስብሰባ ከተማነቷ ከዚያ ወዲህ በረታ። በ2007 ዓ.ም. ፈጣኑ መንገድ ተከፍቶ አዲስ አበባን ወደ አንድ ሰዓት መንገድ አቀረባት። ከጥቂት ጊዜ በኋላም አዲሱ ባቡር ከከተማው ውጭ በተሠራ ጣቢያ ማለፍ ጀመረ፤ መካከለኛው ከተማ ያለው አሮጌው ጣቢያ ያለ መንገደኛ ቀረ። እንግዳው እንደ ገና ተለወጠ ማለት ነው። የጅፕሰም ኮርኒስ፣ በውስጡ የተደበቀ ባለ ቀለም መብራት፣ የሚያበራ ሴራሚክ፣ ትልቅ ቴሌቪዥን የዚህ ዘመን ምልክቶች ናቸው። «የባህል» የተባለው ምግብ ቤት ደግሞ ምሶብና በርጩማ ገዝቶ ያስገባል፣ ቄጤማ ይጐዘጕዛል፣ ጀበና ያስቀምጣል። አያቱ ዘመናዊ ለመባል ምሶቡን ወደ ጓዳ አስገብቶ ፎርማይካ አመጣ፤ የልጅ ልጁ ዘመናዊ ለመባል ፎርማይካውን ጥሎ ምሶብ ይገዛል።

እድሳትን እንቃወማለን ማለት አይደለም። የሚያፈስ ጣራና የጠቈረ ኩሽና ታሪክ ነው ተብሎ አይጠበቅም፤ ባለ ምግብ ቤቱም የሚኖረው በእንግዳ እንጂ በተመራማሪ አይደለም። ቅርስን ስለ መጠበቅ የወጣው አዋጅ ቍጥር 209/1992 የሚጠብቀውም በመዝገብ የተጻፈውን ቅርስ ነው፤ ባንኮኒ የሚመዘግብ ግን አላየንም። በፓሪስ በሊዮን ባቡር ጣቢያ ውስጥ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1901 የተከፈተው ቡፌ በ1972 ከነሥዕሉ ታሪካዊ ሐውልት ተብሎ ተመዘገበ፤ እስከ ዛሬም ይበላበታል። እኛ ዘንድ ግን በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ፒያሳ እንደ ታየው ነገሩ ከመታደስም አልፎ ወደ መፍረስ ደርሷል፤ የኮሪደሩም ሥራ ወደ ክልል ከተሞች ተዛምቷል።

ስለዚህ ከየከተማው የመጡ የኮሌጃችን ተማሪዎች በዕረፍት ጊዜያቸው ይህን እንዲያደርጉ እናሳስባለን፤ እድሳት የተጀመረበትን ቤት ባለቤት አስፈቅደው ወለሉን፣ ባንኮኒውንና የተላጠውን ቀለም ፎቶግራፍ ያንሡ፣ የተነሣበትንም ቀን ይጻፉ፣ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ የኖረውን ሥዕልና የቀን መቍጠሪያም አይተዉ። ወለሉ ያልተሰነጠቀ እንደ ሆነ መወልወል ከመንቀል ርካሽ መሆኑን ለባለቤቱ ቢነግሩትም አይጐዳም። ሥራው ሳይጀመር በፊት መድረስ ይጠቅማል፤ ጠረጴዛው ከወጣ በዚያው ሳምንት ቆራሌው ይወስደዋል።