የወገብ ሕመም በከሚሴ፦ ከወጌሻ እጅ እስከ ዲስክ ቀዶ ሕክምና

በከሚሴና በዙሪያዋ ባለው የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን የወገብ ሕመም ከሥራ ተለይቶ አይታይም። ሴቶች ውሃና ማገዶ በጀርባቸው ይሸከማሉ፤ ገበሬው ጎንበስ ብሎ ያርማል፣ ያጭዳል፤ ሰኞ በባቲ ገበያ ኩንታል ይነሣል፣ ይወርዳል። በጣሊያን ወረራ ዘመን ጣርማበርን በዋሻ አልፎ የተሠራው የአዲስ አበባ–ደሴ መንገድ ደግሞ ሾፌሮችን ጨመረ፤ ለሰዓታት መቀመጥና መንገጫገጭም ወገብን ይጎዳል።

ሕመሙ ሲበረታ ቀድሞ የሚጠራው ወጌሻ ነበር። ታማሚው በሆዱ ይተኛል፤ ወጌሻው ቅቤ ቀብቶ እያሸ የሚያመውን ቦታ በአውራ ጣቱ ይፈልጋል። ምክንያቱ «ብርድ ነው» ወይም «አጥንቱ ቦታውን ለቋል» ይባላል። ሌላው ዋግምት ነው፤ ሙስሊሙ ሒጃማ ይለዋል። አንዳንዱም በጋለ ብረት ይተኮስ ነበር።

በሌላውም ዓለም ትክክለኛው ምክንያት ዘግይቶ ነው የታወቀው። እ.ኤ.አ. በ1764 የናፖሊው ሐኪም ዶሜኒኮ ኮቱኞ ከመቀመጫ ወደ እግር የሚወርደውን ሕመም ከነርቭ ጋር አያያዘው። በ1908 በርሊን ውስጥ ሐኪሞቹ ኦፐንሃይምና ክራውዘ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ካለው ቦታው የወጣ ዲስክ በቀዶ ሕክምና አነሡ፤ ዕጢ ግን መሰላቸው። እውነተኛውን ምክንያት በ1934 የቦስተኖቹ ሚክስተርና ባር ግልጽ አደረጉት። በአከርካሪ አጥንቶች መካከል 23 ዲስኮች አሉ፤ ዙሪያቸው ጠንካራ፣ መሃላቸው ለስላሳ ነው። ዙሪያው ሲሰነጠቅ ለስላሳው ክፍል ወጥቶ ነርቭን ይጫናል። ብዙ ጊዜ የሚጎዱት የታችኞቹ ሁለቱ ስለሆኑ ሕመሙ በታፋ ጀርባ እስከ እግር ጣት ይወርዳል።

በኢትዮጵያ እንዲህ ያለውን ቀዶ ሕክምና የሚሠሩ የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006፣ ከኖርዌይ በርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነው። ሕመሙ የጠናበት የከሚሴ ሰው ወደ ደሴ፣ ካስፈለገም ወደ አዲስ አበባ ይላካል።

የወጌሻው ገበያ ግን አልቀዘቀዘም። ከዲስኩ የወጣው ክፍል ብዙ ጊዜ በሰውነት ተመጥጦ ይቀንሳል፤ አብዛኛው ታማሚም ያለ ቀዶ ሕክምና በ6 እስከ 12 ሳምንት ይሻለዋል። በዚያው ጊዜ የታሸ ሰው ምስጋናውን ለአሺው ይሰጣል። የዛሬው ሕክምናም የሚጀምረው በማስታገሻ፣ በፊዚዮቴራፒና ሳይተኙ ቀስ በቀስ በመንቀሳቀስ ነው። ሽንቱን መቆጣጠር ያቃተው፣ በመቀመጫው ዙሪያ የደነዘዘው ወይም እግሩ የዛለ ሰው ግን መታሸት የለበትም፤ መዘግየት ጉዳቱን ቋሚ ስለሚያደርገው በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ አለበት።